የጠሪት ገመድ

ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው ድምፅ ያልወጣቸው ጠዋት፣ የሰንደራ መንግሥት ታመመች።

አንድ ዶሮ ብቻ ቢሆን ጉንፋን ይዞት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን የአገሩ አውራ ዶሮ ሁሉ በየአጥሩ ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ክንፉን አራግቦ አፉን ከፈተ፤ ምንም የለም። ፀሐይም ማንም ሳይጠራት፣ እንዳልተጋበዘ እንግዳ እያፈረች ወጣች። ሽማግሌዎች ተያዩ። ክፉ ምልክት መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገም። ቀኑ ደግሞ የጠሪት ቀን ነበር።

ጠሪት ደወል ናት። በሰንደራ መካከል ባለው ኮረብታ፣ በዋንዛ ምሰሶዎች ላይ ተንጠልጥላ የኖረች፣ ዝናብ ያረገዘ ደመና የምታህል፣ ከምን ብረት እንደቀለጠች ማንም የማያውቃት ደወል። ልጅነቱን የጨረሰ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን በባዶ እግሩ፣ በባዶ እጁ ከሥሯ ይቆማል። ትደወላለች። ያን ጊዜ እጅ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይነሣና ሥራውን ይናገራል። የአንዱ እጅ ዘር ይበትናል። የሌላዋ እጅ የሌለ መርፌ ይዞ ይሰፋል። የአንዱ ደግሞ አየሩን እንደ ሊጥ ያሻል። አይታ የማታለቅስ እናት የለችም። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው በሥራው ይኖራል፤ ቢደክመውም፣ ቢሰለቸውም፣ የሌላ ሰው ሕይወት እየኖረ አይመስለውም።

ሕጉ ሁለት ነው። እጅ ባዶ መሆን አለበት፤ ዕቃ የያዘ እንደሆነ ጠሪት የምታናግረው ዕቃውን ነው። ለአንድ ሰው ደግሞ የምትናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከሥሯ ቆሞ የሰማት ጊዜ ያመለጠው፣ አመለጠው።

በዚያ ጠዋት በሰልፉ ፊት የቆመችው አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። አባት እናቷን በሽታ ጨርሶባት በአክስቷ ጓሮ ያደገች፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ አፏ ቁጥብ። ለዚያች ቀን ስትል እጇን በእንዶድ አጥባ አጥባ ቆዳዋ ሊገፈፍ ደርሶ ነበር። ይሄ ይሁንልኝ ብላ የለየችው ሥራ አልነበራትም። የናፈቀችው መጠራቱን ነው። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ዞር ብሎ «አንቺን ነው የፈለግሁት» እንዲላት።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ምሰሶዎቹ ባዶ ነበሩ።

ጠባቂው እየሮጠ መጣና «ተሰረቀች! ጠሪት ተሰረቀች!» ብሎ ጮኸ። ሲጮኽ አዩት እንጂ አልሰሙትም። ሌባው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።

ጭጬ ይሉታል። ጆሮ የለውም፣ ገላው ሁሉ ጆሮ ነው። አፍ የለውም፣ ገላው ሁሉ አፍ ነው። እንደ ጭቃ ጎርፍ እየተጎተተ ይሄዳል፤ የሚበላውም ሥጋ ሳይሆን ድምፅ ነው። ባለፈበት መንደር ወፍጮ ይዞራል፣ አይሰማም። ውሻ ይጮኻል፣ አይሰማም። ከጠሪት የሚወዳደር ድግስ ግን በዕድሜው አላየም፤ ጠቅልሎ ዘጋኝ ወደሚባለው ገደል ይዟት ወረደ።

ደወሏን ያጣች አገር ምን ታደርጋለች? ቤተ መንግሥቱ ሥራን እንደ ራት መደልደል ጀመረ። ጎደሎ በተገኘበት ሰው ይሞላበታል፣ አለቀ። ውኃ የሚፈራው ታንኳ ቀዛፊ ሆነ። ደም ሲያይ ዓይኑ የሚጨልምበት አራጅ ሆነ። ማንም ሥራ አልፈታም፤ ግን ሰው ሁሉ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ የጠፋበት መንገደኛ ይመስል ነበር።

አንጓች ገመድ ቤት ገባች። ለምን? ሽማግሌው ገማጅ ሞተው ቦታው ክፍት ነበራ።

ሥራውን ለመደችው። ቃጫውን ፈትላ፣ እያንዳንዱን ፈትል ለብቻው ወደ ቀኝ ታከርረዋለች፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ግራ ትገምዳለች፤ አንዱ ልፈታ ሲል ሌላው ይዞ ያስቀረዋል። በገማጆች ዘንድ ሠሪው ራሱ ያልተንጠለጠለበት ገመድ ለማንም አይሰጥም። እሷም የጨረሰችውን ገመድ በጣሪያው ወጋግራ ላይ ትጥልና ትንጠለጠልበታለች። ተንጠልጥላ ሳለ በመስኮቱ በኩል ባዶው ኮረብታ ይታያታል።

«ምን ትዪኝ ነበር?» ትላለች።

ወርዳ ሌላ ቃጫ ታነሣለች። ጠዋት ስትነሣ፣ እግሯን መሬት ላይ ሳታሳርፍ፣ ለምን እንደተነሣች ራሷን ትጠይቃለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ፤ ልጅት ሴት ሆነች።

በኋላ ዝምታው ከየመንደሩ እየተሳበ ቤተ መንግሥት ደረሰ። የንግሥት ማርዳ የልጅ ልጅ ተወለደ፤ አፉን ከፍቶ አለቀሰ፣ ለቅሶው ግን አልተሰማም። ንግሥቲቱ ሕዝቡን ሰበሰቡ። አንጓች የድንኳን ገመድ ልታስረክብ መጥታ ከጥግ ቆማ ነበር።

«የሰንደራ ሰዎች ሆይ!» አሉ ንግሥት ማርዳ፤ ድምፃቸውም እየሳሳ ነበር። «ሠራዊት ሰደድሁ፣ ከዘጋኝ የተመለሰ የለም። አሁን ልጅ ተወልዶ ለቅሶው ጠፋ። የልጇን ለቅሶ የማትሰማ እናት መራቡን በምን ታውቃለች? እኛ ሥራችንን ሳናውቅ ኖርን፤ እነዚህ ደግሞ ድምፃቸውን ሳያውቁ ሊያድጉ ነው። ጠሪትን የሚያመጣልኝ ይውጣ! ካልተገኘም አፍራችሁ ቁሙ፤ እኔ አሮጊቷ ምርኩዜን ይዤ እሄዳለሁ!»

ጓንጉል ወጣ። የጦር አለቃ፣ የጦር አለቃ ልጅ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። እልልታ ሆነ። ቀጥላ አንጓች ወጣች፤ ሳቅ ሆነ።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አሉ ንግሥቲቱ።

«ገማጅ ነኝ፣ ግርማዊት ሆይ። ጠሪት ገደል ውስጥ ከሆነች በጦር ተወግታ አትወጣም። በገመድ ተስባ ነው የምትወጣ።» ሳቁ ጋብ አለ። አንጓች ሁለት እጇን ዘረጋች። «በእነዚህ እምላለሁ! ጠሪትን ሳልይዝ ብመለስ እጆቼ እንደ ጭራሮ ይድረቁ! የያዝሁት ይንሸራተት፣ የቋጠርሁት ይፈታ!»

መሐላው እውነት ነበር። ከመሐላው ሥር ግን ያልተናገረችው ተኝቷል፤ ከሌላው ሰው ሁሉ ቀድማ፣ እዚያው ገደል ውስጥም ቢሆን፣ ባዶ እጇን ከጠሪት ሥር ልትቆም።

ሦስተኛዋ ጠሪ አልጠበቀችም። ሽታዬ የምትባል አሮጊት በቅሎ ነጂ ከሕዝቡ መካከል ሰው እየገፋች መጣች። «ያን ሁሉ ገመድ ይሄ ዋርካ ሊሸከመው ነው? በቅሎዬ ትሸከመዋለች። በቅሎዬ ደግሞ ያለ እኔ አትሄድም፤ ሰው ትንቃለች።»

ሄዱ። የአንጓች ዕድሜ ሙሉ የተገመደ የሚመስል ገመድ በበቅሎዋ ላይ ተቆልሎ፣ የሚዘፍኑ ሸምበቆዎች ያሉበትን ሜዳ አቋረጡ፤ ሸምበቆዎቹ ይወዛወዛሉ፣ ዘፈናቸው ግን ተበልቷል። ክንፋቸው ከመዳብ የሆነ ወፎች ያለ ኮሽታ በላያቸው ያልፋሉ። ቀትር ላይ ከአንድ ሾላ ሥር አረፉ፤ ዝምታው ዘሎት ያለፈ፣ ድምፅ የሚሰማበት የመጨረሻው ጥላ ነበር።

«እማማ» አለች አንጓች፣ «እርስዎ ተጠርተዋል አይደል?»

«ተጠርቻለሁ እንጂ። እጄ ተነሥቶ በቅሎ ሲጭን አየሁት። እናቴ ጥልፍ ጠላፊ ትሆንልኛለች ብላ ለጎረቤት አውርታ ነበር፤ ተናዳ ሰነበተች።»

«ደስ ይላል?»

«ምኑ? ነይ እዪው!» ሽታዬ አፏን ከፈተች። «እነዚህን ጥርሶች የወሰደችው ይቺው በቅሎ ናት። ወገቤ እንደ ማጭድ ጎብጧል። ደስታ የምትሉትን እንጃ። ግን አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ስነሣ ለምን እንደተነሣሁ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።»

አንጓች ፊቷን አዞረች። «ጋሼ ጓንጉልስ?» አለች።

«እሱማ ምኑ ይጠየቃል!» አለች ሽታዬ። «ጎራዴ ታጥቆ የተወለደ ነው። እናቱ ናት የምታሳዝነኝ።»

ጓንጉል አልሳቀም። ሣር ይነጫል። «ሸክላ» አለ።

«ምን አልክ?»

«እጄ ተነሥቶ ጭቃ አድቦለቦለ። ገንቦ ሠራ፤ አንገቱን እንኳ አጠበበለት። አባቴ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር። እጄ ገና የገንቦውን ጆሮ ሊያወጣ ሲል ሮጦ መጣና ጎራዴውን መዳፌ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ሕዝቡ የሚያየው ጎራዴ ነው። እልል አሉ።»

«እና እስከ ዛሬ?» አለች አንጓች።

«እስከ ዛሬ። ዝናብ ሲጀምር አፈሩ ሲሸተኝ፣ ድንኳኔን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ወታደሩ ዕቅድ ያወጣል ይለኛል።»

ሽታዬ የበቅሎዋን ጀርባ እያሸች «አንተ ጅል» አለችው፤ ግን ለልጅ በሚባልበት ድምፅ ነው። «የጓሮዬ ጭቃ ጥሩ ነው። ስንመለስ መጥተህ ውሰድ።»

«ስንመለስ» አለ ጓንጉል። መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። ከዚያ ተነሥቶ ጎራዴውን ከወገቡ ፈታና ሾላው ላይ ሰቀለው።

የዝምታው ድንበር ከሾላው ብዙ አይርቅም። ከመግባታቸው በፊት ተነጋገሩ።

«የምወርደው እኔ ነኝ» አለ ጓንጉል።

«ሠሪው ያልተንጠለጠለበት ገመድ ላይ ማንም አይንጠለጠልም፣ ጋሼ። ይሄን ሁሉ ገመድ ሙሉ ርዝመቱን የሚያንጠለጥል ጣሪያ የለኝም፤ የምፈትነው እዚያው ገደሉ ላይ ነው። ደግሞስ እርስዎ ቢወርዱ ማን ይጎትትዎታል? እኔና እማማ?»

«በቅሎዬ ትፈነዳለች!» አለች ሽታዬ።

«ከዚህ ወዲያ አፍ አይሠራም» አለች አንጓች። «ገመዱ ይናገርልናል። አንዴ ሳብ ካደረግሁ አላሉ። ደጋግሜ ከሳብሁ ጎትቱ። ካወዛወዝሁት ግን ቆርጣችሁ ሽሹ።»

ጓንጉል «እሺ» አለ። የቃሉን መጨረሻ ሲል አፉ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፁ አልወጣም፤ ድንበሩን ተሻግረው ነበር።

ዘጋኝ የምድር ቁስል ነው። አንጓች በራሷ ገመድ ተንጠልጥላ ወረደች። ብርሃኑ ከላይ እየጠበበ እየጠበበ የመርፌ ቀዳዳ አከለ። በገደሉ ግራና ቀኝ የቀደሙት ወታደሮች አጥንት ተደርድሯል፤ ሁሉም አፋቸውን እንደከፈቱ። የሰንደራ ጦር ሳይፎክር አይዘምትም። እየፎከሩ፣ ነጋሪት እየጎሰሙ፣ መለከት እየነፉ ነበር የወረዱት፤ ለጭጬ ምሳውን በእግሩ አስመጡለት።

እሷ መፎከር አታውቅበትም። ወርዳ መሬት ረገጠች።

ጠሪት አፏን ወደ መሬት ደፍታ ተቀምጣለች፤ ጭጬ ዙሪያዋን ተጠምጥሞ ተኝቷል፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ ከብት ሆድ ከፍ ዝቅ የሚል። መሬት ላይ የተደፋ ደወል አይጮኽም። ታዲያ ለምን ደፍቶ ያስቀምጣታል? አንጓች ቆማ አሰበችው። ትንሽ ትንሽ እየነካካ ይልሳታል እንጂ ሙሉ ድምጿን አይችለውም። ይፈራታል!

ገመዱን በጠሪት አናት ባለው ማንጠልጠያ አሳለፈችና ቋጠረች፤ ቋጠሮው ላይ ደግማ ቋጠረች። ደጋግማ ሳበች።

ገመዱ ተወጠረ። ጠሪት ከመሬት ተላቀቀች፤ በመጀመሪያ ጣት የምታስገባ ያህል፣ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ የሰው ቁመት። በዚያን ጊዜ ገመዱ ደንግጦ ወረደ፤ ላይ በቅሎዋ ተንሸራታ ነበር። ጠሪት ወደ መሬት ተመለሰች፣ ልትነካ ስትል ግን ቆመች። አንጓች መዳፏን ገመዱ ላይ አድርጋ ነበር። ቃጫው ውስጥ የአንድ ሰው ክንድ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲቃጠል፣ እንቢ ሲል ተሰማት። የጓንጉል እጆች ናቸው። ገመዱ መዳፉን እየበላው ነው፤ እሱም አልለቀቀም። ያቺ ጭቃ የናፈቀች እጅ አልለቀቀችም። ጠሪት እንደገና ወደ ላይ ሄደች፤ ከአንጓች ራስ በላይ ሆና ቆመች።

ጭጬ ነቃ።

እንደ ቀዝቃዛ ሊጥ ከእግሯ ጀምሮ ይወጣባት ጀመር። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት። አንጓች ቀና አለች። በባዶ እግሯ ናት። እጇ ባዶ ነው። ከጠሪት ሥር ቆማለች። በገመድ ቤቱ መስኮት እያየች ያለመችው ልክ ይሄው ነበር፤ የጎደለው የሚደውል ሰው ብቻ። ደዋይ ደግሞ ከእሷ በቀር የለም። ለመደወል የደወሏን ምላስ በሁለት እጅ መያዝ ሊኖርባት ነው፤ በሞላ እጅ የሰማት ደግሞ ዳግመኛ አይጠራም።

ጭጬ ወገቧ ደረሰ። አንድ ሕፃን አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ታያት፤ እናቱ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታጥባለች።

«ይቅር» አለች አንጓች። ድምፅ አልነበረውም፤ ግን አለችው። የጠሪትን ምላስ በሁለት እጇ ጨበጠች፣ ሙሉ ገላዋን ሰጥታ ወረወረችው።

ጠሪት ጮኸች።

ጭጬ ሊውጠው ሞከረ። አበጠ፣ ነጣ፣ ቆዳው ብርሃን አሳለፈ፤ ከዚያ ፈነዳ። የበላው ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ የስንት ዘመን ዶሮ፣ ውሻ፣ ወፍጮ፣ የወታደሮቹ ፉከራ፣ የሸምበቆው ዘፈን፣ የሕፃናት ለቅሶ። ገደሉ ተናጋ። አንጓች ይህን አልሰማችውም። ቋጥኙ ሲንቀጠቀጥ፣ ወፎች ሲበሩ አየች እንጂ አልሰማችም። ከጆሮዋ የሚሞቅ ነገር ወደ አንገቷ ወረደ። የጠሪት የመጀመሪያ ድምፅ ለእሷ የመጨረሻው ድምፅ ሆነ። እጆቿን አየች፤ የደወሏን ምላስ እንደጨበጡ ናቸው፤ ሌላ የተናገሩት የለም።

የጠሪትን ምላስ እንደያዘች አብራ ተስባ ከገደሉ አፍ ስትወጣ ጓንጉል ተቀምጦ እጆቹን ወደ ላይ ይዟቸዋል፤ መዳፍ የሚባል ነገር አልቀረላቸውም። እያለቀሰ ይስቃል። በቅሎዋ አፏን ከፍታ ታናፋለች፤ ሽታዬ አንገቷን አቅፋ የሆነ ነገር ትላለች፤ ስድብ መሆኑ ከአፏ ያስታውቃል። ለአንጓችም አንድ ነገር ተናገረች። ደገመችው። ከዚያ ገባት። ከመቀነቷ ክር መዘዘች፣ አንዱን ጫፍ በራሷ፣ ሌላውን በአንጓች የእጅ አንጓ ላይ አሰረችና ቀስ ብላ ሳብ አደረገችው። አለሁ ማለት ነው።

ጠሪት በምሰሶዎቿ ላይ በተሰቀለችበት ቀን፣ ከተሰረቀችበት ቀን ጀምሮ ያልተጠራ ሁሉ መጣ፤ ጎልማሳውም፣ ሽበት ያወጣውም። ንግሥት ማርዳ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ረጅም ንግግር አደረጉ። ልጁ ንግግሩን በጩኸቱ አበላሸው፤ ማንም ዝም አላስባለውም። ከዚያ አንጓችን በእጃቸው ጠሩና ከሁሉ በፊት ከጠሪት ሥር አቆሟት።

አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ማልዳ እጇን በእንዶድ አጥባ ነበር።

ተደወለ። ሰዎቹ ሲርገበገቡ አየች። እጆቿ በጎን በጎኗ ተንጠልጥለው ቀሩ። ጠበቀች። ንግሥቲቱ ዓይናቸውን ሰበሩ። አንጓች እጅ ነሣችና ዞር አለች። ከኋላዋ የነበረችው ሴት ገባች፤ ተደወለ፤ የሴትዮዋ እጅ ተነሥቶ የሌለ ሕፃን ከማህፀን ሲቀበል ታየ። ዕድሜዋን አራጅ ሆና የኖረች ናት። ተንበርክካ አለቀሰች።

ደዋዩ ግን ገመዱን አያውቅበትም። እየነጨ ይስበዋል፣ እየተጠማዘዘበት ይፈታዋል። አንጓች ትንሽ ታገሠች። አልሆነላትም።

«አምጣ ወዲህ!» አለችው፤ የድምጿን መጠን ስለማታውቀው ኮረብታው ሁሉ ሰማ። ቀማችው፣ የተፈታውን ፈትል ወደ ቀኝ አክርራ ወደ ግራ መለሰችው፣ ተንጠልጥላ ሞከረችው፣ ሳበች። በገመዱ በኩል የጠሪት ድምፅ ወረደ። ከመዳፏ ወደ ክንዷ፣ ከክንዷ ወደ ጥርሷ። ያን ቀን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ገመዱን ለማንም አልሰጠችም።

ጓንጉል ሸክላ ሠሪ ሆነ። ጣቶቹ አይታጠፉም፤ ገንቦው ሁሉ ጠማማ ነው፤ ከፊሉም ያፈሳል፤ ለእሱ ተብሎ አይዋሽም። ዝናብ ሲጀምር ግን ደጁን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይቀመጣል። ሽታዬ ከእሱ በቀር ከሌላ ገንቦ ገዝታ አታውቅም፤ በመጣች ቁጥር ስትሰድበው ትውላለች።

አንድ ማለዳ ሽታዬ ገመድ ቤት መጣች። ከአንጓች እጅ ያልተፈታውን ክር ሳብ አድርጋ፣ የምትወጣውን ፀሐይ በአገጯ አሳየች፣ ከዚያ እጇን ገለበጠች። አሁንም ጠዋት ጠዋት ትጠይቂያለሽ ወይ ማለቷ ነው።

አንጓች ከቃጫው ላይ ቀና አለች። አሰበች።

«ረስቼው ነበር» አለች። «አሁን አስታወሱኝ፣ እማማ።»

በየዓመቱ የጠሪት ቀን ሲመጣ ደዋይዋ እሷ ናት። የሌላው ሁሉ እጅ ተነሥቶ ሲናገር፣ አገሩ እልል ሲል፣ ጠባቂዎቹም ሲሄዱ፣ ገመዱን አንድ ጊዜ ለራሷ ትስባለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። መዳፏ ይንቀጠቀጣል። ገመዱ ይሁን እጇ አታውቀውም። ከዚያ ገመዱን ለቅቃ፣ መዳፏን በፀሐይ ገልጣ፣ እስኪያርፍ ድረስ ታየዋለች።